የእናቴን ፈቃድ ስለረገጡት ሐኪምና ነርስ

ለክፍለ ሀገሩ ጤና ቢሮ ኃላፊ
ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ

ቀን፦ ሐምሌ 4 ቀን 2566 (በቡድሃ ዘመን)

ጉዳዩ፦ እናቴ በጽሑፍ የከለከሉትን ሕክምና በግድ ስላደረጉባቸው ዶክተር ፕራሞትና ነርስ ዋሪ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ዳራራት ሲንግካም የ61 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ስሆን፣ ይህን የምጽፈው እንዲያጽናኑኝ አይደለም።

1. እናቴ ኬም የ86 ዓመት የሐር ሸማኔ ነበሩ። አባቴ በመተንፈሻ መሣሪያ ሁለት ወር ተሰቃይተው ሲሞቱ አይተው፣ «እኔን እንዲህ ብታደርጊኝ አጥንቴ ይፋረድሽ» አሉኝ። ከአራት ዓመት በፊትም በመንደራችን ጤና ጣቢያ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት፣ መጨረሻቸው ሲደርስ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ እንዳይገባ፣ መነኮሳት እየጸለዩላቸው ቤታቸው እንዲሞቱ ጽፈው ፈረሙ። ይህን መብት የሰጣቸው የብሔራዊ ጤና ሕጉ አንቀጽ 12 ነው።

2. የካቲት 18 ቀን የሳንባ ካንሰራቸው ጠንቶ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ማስታገሻ እንዲሰጣቸው ብቻ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ወረቀቱን ለዶክተር ፕራሞት ሰጠሁ። ሳያነቡት መለሱልኝና፣ «ፍርድ ቤት ያላጸደቀው ወረቀት እኔ ዘንድ አይሠራም» አሉ። ሕጉ የፍርድ ቤት ማጽደቂያ አይጠይቅም። በዕድሜ ልጄ የምትሆነው ነርስ ዋሪ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ በሚጠብቀው ሕዝብ ፊት፣ «እናትሽን ለመግደል ወረቀት ይዘሽ መጣሽ? ውርሱ ቸኮለብሽ?» አለችኝ።

3. ቱቦው ገባ። እናቴ ነቅለው ጣሉት። ሐኪሙና ነርሷ መልሰው አስገቡትና የእናቴን ሁለት እጅ ከአልጋው ብረት ጋር በፋሻ አሰሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሐር የሸመኑበትን እጅ። ፍቱልኝ ብዬ ብለምን፣ ነርሷ «ከፈታናቸውማ ይነቅሉታላ!» ብላ ሳቀች። እኔስ አይፈልጉትም አይደል ያልኩት? በአሥራ አንደኛው ቀን እንደታሰሩ አረፉ። መነኮሳቱ የደረሱት ለሬሳቸው ነው።

4. የነርሷ ቃል ከእኔ ቀድሞ ገበያ ገባ። «እናቷን ልትገድል የነበረችው» እባላለሁ። ወንድሜ እናታችን በሞቱ በመቶኛው ቀን በተደረገላቸው ጸሎት ላይ አጠገቤ አልተቀመጠም። ሆስፒታሉ «በቅን ልቦና የተደረገ ነው» የሚል ደብዳቤ ከቅርጫት ፍራፍሬ ጋር ላከልኝ፤ ቅርጫቱን ወስጄ በራቸው ላይ ደፋሁት። የገዳማችን አበምኔት «ልጄ፣ ቂም የሚያቃጥለው የያዘውን ነው፤ ተዪው» አሉኝ። «አባ፣ መጀመሪያ እነሱ ይቃጠሉልኝ፤ ከዚያ እተወዋለሁ» አልኳቸው። ለእርስዎም አልደብቅም፤ የያዝኩት ቂም ነው።

ስለዚህ፦

ዶክተር ፕራሞት በሙያ ማኅበራቸው ፊት ቀርበው፣ ሕጉን አላውቅም ነበር ወይስ እያወቅሁ ናቅሁት የሚለውን በአፋቸው እንዲመልሱ፤ ሁለቱም ያስጠይቃቸዋልና። ነርስ ዋሪ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ፊት፣ በዚያው ድምፅዋ ውሸቷን እንድታነሳ። አዛውንት የሚያክም ሠራተኛ ሁሉ ሕጉን ተምሮ እንዲፈተን፤ የወደቀም አልጋቸው አጠገብ እንዳይደርስ። ካሣ አልፈልግም፤ አፌ በገንዘብ አይዘጋም።

መልስዎን ሠላሳ ቀን እጠብቃለሁ። ካልመጣ፣ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ወንበሬን ይዤ ሆስፒታሉ በር ላይ እቀመጣለሁ። የሚገቡትን አዛውንት አንድ በአንድ እያስቆምኩ መብታቸውን አስተምራቸዋለሁ፤ የሁለቱንም ስም እነግራቸዋለሁ። አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ድምፄ አልደከመም፣ ጊዜም ሞልቶኛል።

ለቢሮዎ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ለሁለቱ ግን ሰላምታ ሳልልክ፣

ዳራራት ሲንግካም
(ፊርማ)