የቀረችው አንድ ታይም አውት

የካቲት 14 ቀን 2018

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።
2005፦ በስፖርት ሳይንስ ተመረቅሁ።
2008፦ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ኮሌጁ መጣሁ፤ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ሆንሁ።
2011፦ ፍጻሜ ላይ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ጨዋታ የማስቆምባቸውን ታይም አውቶች ቀድሜ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዷን ለመጨረሻዋ ደቂቃ አስቀምጣለሁ። አንድ ጊዜም አላፈረስሁትም።
2018፦ ዛሬ እንደገና ለፍጻሜ አለፍን። የካቲት 28፣ ደሴ፣ 11 ሰዓት።

የኮሌጁ ዲን አቶ ምንይችል አስጠሩኝ። ዋንጫው ካልመጣ ቡድኑን ሌላ ሰው ይረከባል፤ እኔ ክፍል ውስጥ ማስተማር ብቻ ይቀረኛል። በጨዋ ቃል ነው የተናገሩት... እጅግ በጨዋ ቃል።

የካቲት 18

ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ኳሱን ሲገፋ ዋለ። ግማሾቹ ረመዳን፣ ግማሾቹ ሁዳዴ ላይ ናቸው። ሁዳዴ የሚጾሙት ለልምምድ ሲመጡ ፈትተው ነው፤ ሙስሊሞቹ ግን ውኃም አልቀመሱም።
አምበሏ ሰሚሃ በሩጫው መሀል የቅርጫቱን ምሰሶ ይዛ ቆመች። አዙሯት ነበር። ጠየቅኋት።
«አብሽር ኮች፣ ሊወድቅ መስሎኝ ደግፌው ነው።»
ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የካቲት 21

ስለ መንገደኛ አነበብሁ። ሙሳፊር ጾሙን ፈትቶ በኋላ ቀዷ ማውጣት፣ ማለትም ያለፈውን ቀን መተካት፣ ይፈቀድለታል። ጨዋታው ደሴ ነው፤ እኛ ከሐይቅ ተነስተን እንጓዛለን። ማስረጃዬን አሰናድቼ ለሰሚሃ አቀረብሁላት። እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጠችኝ።
«እናቴ ደሴ ዓሣ ሸጣ ለምሳ የምትመለስበትን መንገድ ነው፣ ኮች?»
ረጅሟ ተጫዋቻችን ፋሲካ ከኋላ ሆና፣ እንግዲያ ጨዋታውን ጅቡቲ ያድርጉልን አለች።
አፈርሁ። በማላውቀው ገባሁ። ክርስቲያን ሆኜ ለእሷ ጾም ፈቺ... ምን ነክቶኝ ነው? ፍርሃት ነው። ዋንጫው ነው።

የካቲት 27

ሰዓቱ እንዲለወጥ ጠይቄ ነበር። አልተፈቀደም፤ ሜዳው መብራት የለውም። ማግሪብ፣ ጾሙ የሚፈታበት ሰዓት፣ በአራተኛው ሩብ ላይ ይውላል።
ፋሲካና ሌሎቹ ክርስቲያኖች ነገ እስከ ማግሪብ ውኃ አንቀምስም አሉ። ከለከልሁ። ጉዳቱን በዝርዝር አስረዳሁ። ፋሲካ፣ ሙስሊሞቹ ብቻቸውን ይጠሙ ወይ፣ ብላ ጠየቀችኝ። የሚታዘዙኝ አይመስለኝም።
አንዷ ታይም አውት ግን አትነካም።

የካቲት 28

51 ለ50። ተሸነፍን።

የካቲት 29

በእርጋታ ልጻፈው።
አራተኛው ሩብ። በአንድ ነጥብ እንመራለን። የቀረችኝ አንድ ታይም አውት ናት። አዛን ተሰማ። ኳሱ እኛ ዘንድ ነው፤ ሰሚሃ ትነዳለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ወደ እኔ አልዞረችም። እንዳልፈቅድ ታውቃለች፤ ሕጌን በቃል ያጠኑት እነሱ ናቸው። ኳሱ ከሜዳ ወጣ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ሁሉም ከንፈራቸው ደርቋል፣ ፋሲካም ጭምር...
ታይም አውት ጠየቅሁ።
አንዲት ቃል ስለ ጨዋታው አልተናገርሁም። ፋሲካ ለማፍጠሪያ ያመጣችውን የተምር ፌስታል ዘረጋች። ሰሚሃ ሳትቀምስ ፌስታሉን ይዛ ወደ ተጋጣሚዎቻችን ሄደች፤ እነሱ ዘንድ የነበረው ውኃ ብቻ ነው። አድላ ስትመለስ አንዲት ተምር ቀርታ ነበር። ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለፋሲካ ሰጠች፤ «ቢስሚላህ» ብላ ሌላውን ጎረሰች።

ከዚያ ተጋጣሚዎቻችን በአንድ ነጥብ ቀደሙን። የቀረው ጥቂት ሰከንድ ነው። ታይም አውት ቢኖረኝ፣ ሕጉ ስለሚፈቅድ፣ ኳሱን ከፊት ሜዳ፣ ከእነሱ ቅርጫት በኩል፣ እንጀምር ነበር። ሰሚሃ አሁን ወደ እኔ ዞረች። ባዶ መዳፌን አሳየኋት። ሜዳውን ሙሉ ብቻዋን ሮጣ ወረወረች። ኳሱ ቀለበቱን ዞረ... ወጣ።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ማንም አላለቀሰም። ከኋላ አምባሰል ያንጎራጉሩ ነበር።

መጋቢት 3

የኳስ ክፍሉን ቁልፍ ዛሬ አስረከብሁ። ከሰኞ ጀምሮ አዲስ አሰልጣኝ ይመጣል።
አስቀድሞ አቶ ምንይችል አንድ በር ከፍተውልኝ ነበር። በኮሌጁ ስብሰባ ላይ ታይም አውቷን ያለ ቦታዋ ማባከኔን ካመንሁ፣ አንድ ዓመት እንዲጨመርልኝ ይናገሩልኛል። በስብሰባው ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አሥር ዓመት የሠራሁበት ሜዳ ከመስኮቱ ይታያል። ሰሚሃና ፋሲካ ያለ እኔ ልምምድ ጀምረዋል።

ለመጨረሻዋ ደቂቃ አላስቀመጥኋትም። ተሳስቻለሁም አላልሁም።