አባየ፣ የበጎቹን ሳል ምክንያት አየሁት

ውድ አባየ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ዘንድሮ ዝናቡ እስከ መስከረም መጨረሻ አልለቀቀንም፤ ገብሱ ግን አምሯል። እማየ ደህና ናት፤ ጉልበቷን እያመማትም ዳባት ገበያ መሄዷን አልተወችም። ወንድሜ ዘውዱ የበጎቹን ጉረኖ አፍርሶ በድንጋይ አሠራው፣ ቆርቆሮም አለበሰው። አንተ ብታየው "ለበግ ነው ለሹም?" ትል ነበር። ትንሿ ልጁ መራመድ ጀምራለች። ሰው ሁሉ አንተን ትመስላለች ይላል፤ እኔ ግን ጆሮዋን ብቻ ነው ያንተ ሆኖ ያገኘሁት።

የቤቱ ወሬ ይቅደም ብዬ ነው እንጂ እጄ ወደ ሌላ እየቸኮለ ነው። አባየ፣ አየሁት! በጎቻችንን የሚያስላቸውን ነገር በዓይኔ አየሁት። ልክ ነበርክ።

የዚያን እሑድ ነገር አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም። ከቅዳሴ በኋላ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተቀምጣችሁ ስለ በጎቹ ሳል ታወራላችሁ። አንተ "ከጨፌው፣ ከዚያ ረግረግ ነው። ጤዛው ሳይረግፍ እዚያ የሚሰማሩት ናቸው የሚያስሉት፤ የተረተሩን በጎች እዩ፣ አንዱም አያስልም" አልክ። አያ ታደለ ወደ እኔ ዞሩና "አንቺ የተማርሽው ምን ትያለሽ?" አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድም በግ መርምሬ አላውቅም። እንዲያው አፌ ላይ እንደመጣልኝ "ብርድ ነው እንጂ ከሣር ሳል አይመጣም" አልኩ። ሰው ሳቀ። አንተም አብረህ ሳቅህና "እንግዲህ የተማረ ካለ ምን ይባላል" ብለህ ዝም አልክ።

አንተ ግን በጎችህን ፀሐይ ሳይሞቅ ጨፌ ላይ አላወረድህም። ካለፍክ በኋላ ዘውዱ "እህቴ ብርድ ነው ብላለች" ብሎ፣ ቅርብም ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት እዚያው ያሰማራ ጀመር። ባለፈው ሁዳዴ ደወለልኝ። "እህቴ፣ አምስቱ ያስላሉ፤ ቦቃዋ እናት በግ ደግሞ ዛሬን ታድራለች አልልሽም" አለኝ።

በማግሥቱ ከጎንደር መጣሁ። የሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት የበግ ሳንባ ላይ ስለሆነ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፎርማሊንና በረዶ የያዘ ሣጥን ይዤ ነበር። ቦቃዋ ሌሊቱን ሞታ ደረስኩ፤ ዘውዱ ከፈታት፣ እኔ ሳንባውን አነሣሁ። ጠርዙ ላይ ሽንብራ የሚያካክሉ ጠጣር ጠጣር እብጠቶች ነበሩበት። ጥቂቱን እዚያው በጥፍር ልክ ቆራርጬ ፎርማሊን ባለባቸው ትንንሽ ብልቃጦች አስገባሁ፤ ከአጠገባቸው ደግሞ ምስር ምስር የሚያካክሉ ቁራጮች ወስጄ ለየት ባለ መድኃኒት በበረዶው ሣጥን አኖርኩ። የቀረውን እንዳለ በትልቅ ማሰሮ ፎርማሊን ከተትኩት።

ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት እናት ማሰሮውን ጉልበቴ ላይ አይተው "ማር ነው ልጄ?" አሉኝ። "አይ እማማ፣ የበግ ሳንባ ነው" አልኳቸው። "በሁዳዴ! ስመ እግዚአብሔር!" ብለው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ተሳፋሪው ሁሉ እስከ ጎንደር ሲስቅብኝ ሄደ።

አባየ፣ ከዚያ በኋላ አበላሸሁት። ሳንባ አየር ስላለው ይንሳፈፋል። በጥጥ ሸፍኜ ማስመጥ ወይም በአየር ቧንቧው በኩል ፎርማሊኑን በመርፌ ቀስ ብዬ መግፋት ነበረብኝ። ቸኩዬ ተውኩት። ከሳምንት በኋላ ስከፍተው ላይኛው ክፍል መድኃኒት ሳይነካው ውስጡ በስብሷል። አስተማሪዬ አሽትተው ብቻ ክዳኑን መለሱትና "ያ ትንንሹ አለሽ?" አሉኝ። "አለኝ" አልኩ። "እንግዲያው ያን ከጣልሽ ሌላ የለሽም" አሉ።

ትንንሾቹን ቁራጮች አውጥቼ ጀመርኩ። ነገሩ እንደ ቋንጣ ነው፤ ውሃው መውጣት አለበት። ግን ቋንጣ ይጨማደዳል፣ ይሄ ደግሞ መጨማደድ የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጠን ያለ አልኮል ውስጥ፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለ፣ እንዲያ እያለ እስከ ንጹሑ ድረስ ይሻገራል። ከዚያ የቀለጠ ሰም ይጠጣል። ሰሙ ሲረጋ ስለት ባለው መሣሪያ ከሽንኩርት ሽፋን የሳሳ አድርጎ መቁረጥ ነው። የተቆረጠው ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ሲጣል ይዘረጋል፤ ከዚያ በመስታወት መቀበል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ተቀዳደዱብኝ። ለካ ሰሙ መቀዝቀዝ ነበረበት። ከበረዶ ላይ አስቀምጬ ስሞክር አንዱ በአንዱ ላይ ተያይዞ እንደ ጥብጣብ ረዝሞ ወጣ! ብቻዬን በክፍሉ ውስጥ እልል አልኩ። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ "ምን ሆንሽ?" አለኝ።

ቅደም ተከተላቸውን አልበተንኩም። አንዱን ለተራው ማይክሮስኮፕ ቀለም ቀባሁት፤ ተከታዩን ብርሃን ሲነካው የሚያበራ ቀለም ለሚፈልገው ሌላ ማይክሮስኮፕ አዘጋጀሁት። አጠገብ ለአጠገብ ስለሆኑ በአንዱ ያየሁትን በሌላው እዚያው ቦታ አገኘዋለሁ።

ወደ ተራው ማይክሮስኮፕ አጎነበስኩ። ሐምራዊና ወይን ጠጅ የሆነ ሜዳ፣ በመካከሉ እንደ ክር የተጠቀለለ ነገር። ትል ነው አባየ! ዙሪያውን እንቁላልና የተፈለፈሉ ልጆቹ ሞልተውታል። ያ ሽንብራ የመሰለው እብጠት ሳንባው ትሉን ሊያጥር የገነባው ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ትሉ አረንጓዴ ሆኖ እየበራ፣ ቀጭኑን የአየር ቧንቧ እንዴት እንደዘጋው ከላይ እስከ ታች ታየኝ። የቦቃዋ እስትንፋስ የታፈነው በዚህ ነው።

ትል ብዙ ዓይነት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የትሉ ልጆች ጭራ መታየት አለበት፤ ይህን ያህል ለማጉላት በኤሌክትሮን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ለዚህ ምስር ምስር የሚያካክሉትን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። እዚያ ቅርጻቸው ሳይጠፋ አደረቋቸው፤ ከዚያ ወርቅ ቀቧቸው። እውነተኛ ወርቅ ነው፣ ዓይን የማያየው ስስ ወርቅ! ምስሉ በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ ከወንበሬ ተነሣሁ። ጭራው ሾጠጥ ያለ ነው፣ እሾህ የለውም። አስተማሪዬ በስልክ ምስሉን አይተው ዓይነቱን ነገሩኝ፤ ቀጥለውም "በጎችሽ እርጥብ ቦታ ይግጣሉ?" አሉኝ። "ለምን?" አልኩ። "ይሄ ትል የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በጉ ጠዋት ሣሩ ላይ የወጣውን ቀንድ አውጣ አብሮ ይውጠዋል" አሉኝ።

"በጤዛ፣ ጨፌ ላይ ይግጣሉ" አልኳቸው። ቀንድ አውጣውን አንተም አላወቅህም ነበር፤ ቦታውንና ሰዓቱን ግን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በጎችህን በማየት ብቻ ለይተኸዋል።

ባለፈው ወር ምስሎቹን አትሜ አገር ቤት ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰበው ሰው አሳየሁ። ቆሜም "ያን ጊዜ አባቴን ተሳስቷል ያስባልኩት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት" አልኩ። አያ ታደለ ወረቀቱን አቅርበው አርቀው አዩትና "ይሄ ጉድ በሳንባ ውስጥ?" አሉ። ወረቀቱን መልሰውልኝ ደግሞ "አባትሽማ ነግሮን ነበር እኮ፤ የሳቅነው እኛ ነን" አሉ። ዘውዱ አንገቱን ደፋ፤ እኔም እጁን ያዝኩት። የቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ለሚያስሉት መድኃኒት ሰጠ፤ ሦስቱ ድነዋል፣ ሁለቱን ማዳን አልቻልንም። አሁን ብዙው ሰው ጨፌውን ጠዋት ትቶታል። አያ ታደለ ግን አንዳንድ ጊዜ ሰርቀው እዚያ ያሰማራሉ፤ "ዛሬ ጤዛ የለም" እያሉ።

ጥናቴን በቅርቡ በመምህራን ፊት አቀርባለሁ። ጥያቄው ከየት መጣ ሲሉኝ ከመጽሐፍ ነው አልልም፤ ስምህን ከነአባትህ እጠራለሁ፣ ገበሬና በግ አርቢ መሆንህንም እናገራለሁ። ከዚህ ወዲያም አንድ ሰው ያየውን ሲነግረኝ፣ እኔም ሳላይ "አይደለም" ልል አፌን ስከፍት፣ ያ የዚያን እሑድ ዝምታህ ትዝ ይለኛል፤ መጀመሪያ ሄጄ አያለሁ። ይህን እስካለሁ አልረሳም፣ አባየ።

ሁልጊዜ የምትወድህ ልጅህ፣
ብርቄ