የፈላው እንክብል

ይድረስ ለምወድሽና ለማትሰሚኝ እናቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ፣ ዓይንሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? አባዬስ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ የሚውልበት ወገቡ ተሻለው? ታናሼ ቶሎስ፣ ስሙን ያወጣንለት በቀርፋፋነቱ መሆኑ ባይካድም፣ አሁን ትንሽ ፈጠን አለ? ግቢው፣ ጎረቤቱ ሰላም ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ናፍቆታችሁና የአንቺ ነገር ብቻ ነው። የሆድሽን ሁኔታ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ረስቼው አይደለም፤ ብዙ የምለው ስላለኝ ለብቻው አስቀምጬው ነው። ደግሞ «እኔ ምን እሆናለሁ፣ ደኅና ነኝ» የሚለውን መልስሽን ከአሁኑ አልቀበልም። ትኩሳት ይዞሽ ስትንቀጠቀጪም የምትዪው ይህንኑ ነው። በስልክ መናገሩን ትቼ የምጽፍልሽም፣ ስለ ሆድሽ ገና ስጀምር «ቆይ አባትሽን ላገናኝሽ» እያልሽ ስልኩን ለሰው ስለምታቀብዪ ነው። ደብዳቤን ግን ለማንም ማቀበል አይቻልም፤ ዓይንሽ እንዲለየው ፊደሉን አተልቄ ጽፌዋለሁ፣ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

ባለፈው እሑድ ቶሎ ሲደውልልኝ፣ የላኩልሽን እንክብል በደንብ እየወሰድሽ እንደሆነ ጠየቅሁት። ወሬውን ወደ ጎረቤት አዞረው። ቶሎ ቀርፋፋ ቢሆንም ወሬ ማዞር ልማዱ አይደለምና ነገር እንዳለ ገባኝ። ስጨቀጭቀው ስጨቀጭቀው በመጨረሻ አወጣው። ዓይኔ አልለይ አለኝ፣ ማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብብልኝ ብለሽው ኖሯል። እሱም «ውስጡ በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች አሉ ይላል» ብሎ ሲነግርሽ ክው አልሽና «እኔ በቤቴ ሕይወት ያለው ጀርም ለሰው አላጠጣም» አልሽ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንክብሉን ከፍተሽ፣ ዱቄቱን በትንሿ ድስት ውሃ ላይ በትነሽ፣ እስኪንተከተክ ታፈዪዋለሽ። ለብ ሲል ለአባዬ በብርጭቆ ታቀርቢለታለሽ፤ የተረፈውን ደግሞ ለጎረቤታችን ለባለሱቋ። ለአንቺ ለራስሽ ግን ጠብ ያለ የለም።

እማዬ፣ ምን ልበልሽ? እነዚያ እንክብሎች ፕሮባዮቲክ ይባላሉ። የሚጠቅሙት በሕይወት እያሉ ነው። ሆድ ውስጥ ካሉት ደህና ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ለምግብ መፈጨት ያግዛሉ ተብሎ ነው የሚወሰዱት። ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬሽ አንቺም ሳትሰሚኝ «እሺ፣ ገብቶኛል» ብለሽኛል። ሙቀት እንዳይጎዳቸው የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። ከሰፈሬ ፋርማሲስት ቀዝቃዛ ማሸጊያ ለምኜ፣ ወደ እናንተ የምትመጣውን የባልደረባዬን አክስት ከሻንጣ ጋር እንዳትጭነው፣ ፀሐይ ላይ እንዳታውለው፣ ከእጇ እንዳትለየው መሐላ አስገብቼ ነው የሰደድኩልሽ። ሴትዮዋ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ነው የመጣችው። ያን ሁሉ መንገድ በሕይወት የተጓዙትን አንቺ በድስት ጨረስሻቸው።

በእርግጥ በእኛ ቤት ሳይፈላ የቀረ ነገር ምን አለና? ውሃው ይፈላል፣ ወተቱ ይፈላል፣ ማንኪያው ይፈላል፤ የቶሎ ጡጦ እሱ ጥርስ አውጥቶ ሥጋ መብላት ከጀመረ በኋላም ይፈላ ነበር። የትኩሳት መለኪያውን ሰው አፍ ገብቷል ብለሽ ስታፈዪው ድስቱ ውስጥ መፈንዳቱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እኔና ቶሎ ከቆሸሸ ውሃ በሚመጣ በሽታ አንድ ቀን ሳንተኛ ያደግነው በዚሁ ድስት መሆኑን ስለማውቅ ደግሞ እንደ ልቤ መቆጣት እንኳ አልችልም። ይሄም ራሱ ያናድደኛል።

ከሁሉ የባሰው ግን አባዬ «ተሻለኝ» ማለቱ ነው። ሆዱ ቀለል እንዳለው፣ ሽንት ቤት ጋዜጣ ይዞ መግባት እንደተወ፣ ልብስ ሊለካ ለመጣ ሰው ሁሉ «ልጄ የላከችልኝ መድኃኒት» እያለ እንደሚያወራ ቶሎ ነገረኝ። ግራ ሲገባኝ ፋርማሲስቷ ዘንድ ሄጄ ታሪኩን አጫወትኳት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ቀጥላም አባቴ ከዚህ በፊት ጠዋት ጠዋት ውሃ ይጠጣ እንደነበር ጠየቀችኝ። አባዬን ታውቂዋለሽ። ውሃ ከጠጣ ግቢውን አቋርጦ ሽንት ቤት መሄድ ሊኖርበት ነው፤ ለመሄድ ደግሞ ከስፌት መኪናው መነሳት አለበት፤ ስለዚህ ጉሮሮውን አድርቆ ይውላል። «በይ እንግዲህ፣ ባክቴሪያው ሞቷል፤ ሠርቶ ከሆነ የሠራው ብርጭቆ ውሃው ነው» አለችኝ። ከዚያ «እናትሽስ?» ስትለኝ ያንቺን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት።

የውሃውን ነገር እኔም በራሴ አይቼዋለሁ። የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት የሚያጥበው የሆቴል አንሶላ ነው። መተኮሻው መኪና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ነው፤ እኔና አንዲት ጓደኛዬ ከግራና ከቀኝ ጫፍ ጫፉን ይዘን እርጥቡን አንሶላ እናጎርሰዋለን። እንፋሎቱ ፊት ይለበልባል፣ ብናኙ ቅንድብ ላይ ያርፋል። አንዷ ከወጣች ሌላዋ ሥራ ትፈታለች፤ ስለዚህ ሁላችንም ላለመውጣት ስንል አንጠጣም ነበር። እንደዚያ ስል ከርሜ ሆዴ ድንጋይ ሆነ፤ ተነፍቼ ቀበቶ ማሰር፣ ደፋ ብሎ መሥራት አቃተኝና የድርጅቱ ነርስ ዘንድ ሄድኩ። ኪኒን ስጠብቅ የሰጠችኝ ቁጣ ነው። ውሃ ጠጪ፣ ሲመጣ አትያዢው፣ አትክልትና ጥራጥሬ አብዢ፣ አላምጠሽ ዋጪ፣ ከሥራ ስትወጪም አውቶቡሱን ትተሽ ትንሽ በእግርሽ ሂጂ አለችኝ። ለዚህ ለዚህማ ትምህርት ቤት ምን አስገባሽ ብዬ በልቤ አማኋት። ያለችኝን ሳደርግ ግን ቀስ በቀስ ተለቀቅሁ። አሁን የውሃ ጠርሙሴን መኪናው አጠገብ አቆማለሁ፤ ከጓደኛዬ ጋር በተራ እንወጣለን። ተቆጣጣሪው ፊቱን ያጠቁራል፤ ያጥቁር።

አንቺስ? አንቺ የምትበዪው ሁሉም በልቶ ከተነሳ በኋላ፣ ቆመሽ፣ ከድስቱ ግርጌ ጠርገሽ ነው። ጎመኑን ለአባዬ፣ ባቄላውን ለቶሎ ታወጪና ለራስሽ የደረቀ ዳቦ ሻይ ውስጥ ትነክሪያለሽ። ውሃ ስትጠጪ ያየሁሽ ኪኒን ለመዋጥ ብቻ ነው፤ አሁን ኪኒኑም ቀረ። እርጎውን የምታረጊው ራስሽ ነሽ። ይህን ስነግራት ፋርማሲስቷ፣ የእንክብሉ ባክቴሪያዎች የቅርብ ዘመዶች እርጎ ውስጥም እንዳሉ አስረዳችኝ። እንክብሉም ቢሆን አንዱን ሰው ይረዳል፣ ሌላውን ምንም አይለውም፣ ተአምር አትጠብቂ አለችኝ። እኔ ሰው ለምኜ የምልከው ነገር ዘመዱ ጓዳሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንቺ ግን ለባለሱቋም ለደንበኛውም በኩባያ አድለሽ ስታበቂ ማንኪያውን ትልሻለሽ። ጨጓራ ያለው ለሌላ ሰው ብቻ ይመስልሻል?

ይህ ሁሉ ተስቆበት በቀረ ደግ ነበር። ፋርማሲስቷ ግን ስለ አንቺ የነገርኳትን ሰምታ ስትጨርስ አልሳቀችም። ሳያስበው የሚከሳ ሰው፣ የሆዱ ልማድ የተለወጠበት፣ ሲጸዳዳ ደም ያየ፣ እሱ እንክብል ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ ዛሬ ነገ አትበሉ አለችኝ። ደሙን የሰማሁት ከአንቺ አይደለም። አንቺ ለባለሱቋ ነገርሽ፣ ባለሱቋ ለቶሎ ነገረች፣ ቶሎም እንደ ልማዱ ከርሞ ከርሞ ለእኔ ነገረኝ። ኪንታሮት ነው ብለሻል አሉ። ይሁን፣ ኪንታሮት ይሁን፤ እኔም ፈጣሪዬን የምለምነው እሱን ነው። ነገር ግን ኪንታሮት ነው የሚለው ሐኪሙ ይሁን እንጂ አንቺና ባለሱቋ አይደላችሁም።

መክሳትሽን ደግሞ የነገረኝ አባዬ ነው፤ እሱም በራሱ አነጋገር። ስለ በሽታ ማውራት እንደማይወድ ታውቂያለሽ። ደውዬ ስለ አንቺ ብጠይቀው ስለ ጨርቅ አወራኝ። «የእናትሽን የአዘቦት ቀሚስ ወገቡን አጠበብኩት፤ ሰነበትኩና ደግሜ አጠበብኩት። ከዚህ በላይ ካስገባሁት ኪሶቹ መሐል ላይ ሊገናኙ ነው» አለኝ። ከዚያ የስፌት መኪናውን ይረግጠው ጀመር። እኔም ስልኩን ሳልዘጋ የመኪናውን ድምፅ አዳመጥኩ።

አንቺ ግን ሐኪም ቤቱ ለምርመራ የቀጠረሽን ቀን እንደ ዋዛ አስተላለፍሽው። መጀመሪያ የተማሪ ዩኒፎርም ሰሞን ነው፣ ለአባትሽ ቁልፍ የሚተክልለት የለም አልሽ። ሌላ ቀን ሲሰጡሽ ደግሞ «አባትሽን ያሻለው መድኃኒት እኔንም ያሽለኛል፣ ሐኪም ማስቸገር ምንድን ነው» አልሽ። የትኛው መድኃኒት ነው እማዬ? አፍልተሽ የገደልሽው ነው ወይስ ጭራሽ ያልቀመስሽው? ደህና ትሆናለች ብዬ የላኩት ነገር ሐኪም ቤት ላለመሄድ ሰበብ ሲሆን፣ ምነው እጄን በሰበሰብኩ አልኩ። ከእንግዲህ አንዲት እንክብል አልክም። ሐኪሙ ይበጃታል ካለ ያኔ እልካለሁ፤ ያኔም በቁሙ ትውጪዋለሽ።

እስካሁን በቁጣ የጻፍኩት ሌላውን ላለመጻፍ ነው። ፈርቻለሁ እማዬ። አንሶላ እያጎረስኩ ሐሳቤ ወደ አንቺ ሲሄድብኝ ጓደኛዬ ጮኻ ነው የምትመልሰኝ፤ አንድ ቀን ጣቴን ሳላቃጥል አልቀርም። ስለዚህ ሳላማክርሽ አንድ ነገር አደረግሁ። ቶሎን ሐኪም ቤት ልኬ ለወሩ የመጨረሻ ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ አስያዝኩልሽ፤ እሱም ለታሪክ ይሁን ብሎ በዚያው ቀን ሄዶ አስያዘ። ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርቢ «ደኅና ነኝ» ብለሽ እንዳትመለሺ። ደሙንም፣ መክሳትሽንም፣ ሆድሽ መቼ እንደሚነፋሽም ሳታፍሪ ተናገሪ። ሰውዬው በቀን ስንቱን ሆድ ሲያይ ነው የሚውለው፤ የአንቺ አያስደነግጠውም።

ቀጥዬ ለአባዬ ደወልኩና ማክሰኞ የስፌት ሱቅህን ዘግተህ አብረሃት ሂድ አልኩት። እኔን የሸኛችሁኝ ቀን እንኳ ሱቁን አልዘጋም፤ በሩ ላይ ሳመኝና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ደንበኛ ሊመጣ ይችላል እንዳለኝ አልረሳሁም። ስለዚህ የምከራከርበትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ የምቆጣበትንም የምለምንበትንም። አባዬ ግን «እሺ፣ እዘጋለሁ» አለኝ። በቃ፣ ይህን ብቻ። ለምን አላለም፣ ግማሽ ቀን ይበቃል ወይ አላለም፣ ማን ይጠብቀዋል አላለም። ስልኩን ስዘጋው እንባዬ መጣ፤ አባቴ ያለ ክርክር እሺ ሲለኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ለአባዬ እጅ ነስታሃለች በይልኝ፤ ጠዋት ጠዋት የሚጠጣውን ውሃ እንዳይተው፣ ዱቄት ግን አትጨምሪበት። ቶሎን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ለዚህኛው ጉዳይ ስለፈጠነ ውለታው አለብኝ፣ ማክሰኞም ቀድሞ ተነስቶ መኪና ይጥራላችሁ። ለባለሱቋ ከልብ የሆነ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ምስጢርሽን ስላልጠበቀችልሽ አመሰግናታለሁ። ለአንቺ ግን በዚህ ደብዳቤ የምልከው ሰላምታ የለኝም፤ ይዤዋለሁ። ሥራ ላይ ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ የዚያን ማክሰኞ ግን ሽርጤ ውስጥ እደብቀዋለሁ፣ ተቆጣጣሪው ሲያገኘው የፈለገውን ያድርገኝ። ከሐኪሙ ክፍል እንደወጣሽ ደውዪልኝ። ሰላምታሽን ያኔ፣ ድምፅሽን ስሰማ እሰጥሻለሁ።

የምትወድሽ፣ ያቃጠልሻት ልጅሽ

ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ ከሠራተኞች ማረፊያ ክፍል
ጥቅምት 9 ቀን