ያልሮጥኩበት ሳምንት

ሰኞ
ዛሬ አልሮጥኩም። የሚያሠለጥኑኝ ሃምሳ አለቃ ከለከሉኝ። "ማራቶኑ እሑድ ነው። ከእንግዲህ ሩጫ ጉልበት ይወስድብሃል እንጂ አይጨምርልህም፤ ዕረፍ" አሉ። የድሮ ሯጭ ናቸው፣ አምናቸዋለሁ። ግን አስተምሬ ወጥቼ ቤት ስቀመጥ ልቤ ይደልቃል። ስንት ወር የለፋሁበት ጉልበት በስድስት ቀን ቢከዳኝስ?

ማክሰኞ
ሃምሳ አለቃ ፈቅደውልኝ ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ሃያ ደቂቃ ብቻ ሮጥኩ፣ በዝግታ። እግሬ እንጨት ሆነብኝ። ግራ ጉልበቴን ወጋኝ። ቆየት ብሎ ቀኙን። ጉሮሮዬም የሚከረክረኝ ይመስለኛል። አምና አዲስ አበባ በዚሁ ማራቶን፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረኝ መሬቱ ዞረብኝ። የነቃሁት ሐኪም ቤት ነው። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ረቡዕ
ጉድ ነው! መምህሩ ሩጫ ትቶ ተኝቷል ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። ወሬው እናቴ ያለችበት ቸሃ ደርሶ እሷም ቆጮና ጎመን ተሸክማ ከተፍ አለች። ግንባሬን ዳበሰችኝ።
"ደኅና ነኝ እማዬ፤ ለእሑድ እያረፍኩ ነው።"
"ጤነኛ ሰው በቀን አይጋደምም" ብላ አለቀሰች።
ላስቃት ሞከርኩ። ግን እውነቷን ቢሆንስ?

ሐሙስ
ጅል ነኝ። ማለዳ እናቴ ሳትነቃ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ጉልበቴ መኖሩን ልየው ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ሮጥኩ። ነበረ! ስመለስ ድንጋይ ረግጬ ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ። አበጠ። ተቀምጬ አስተማርኩ። ሃምሳ አለቃን በሩቅ ሳያቸው መንገድ ቀየርኩ።

ዓርብ
አላስችል አለኝ። ቤታቸው ሄጄ ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ስል፣ እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው አጥንቱን በጣታቸው ፈተሹ።
"አልተሰበረም። እኔም የመጨረሻው ውድድሬ ሊደርስ ማረፍ አቅቶኝ ስሮጥ ሰነበትኩ። ዕለቱ ሲደርስ ጉልበቴን ጨርሼ ባዶዬን ቆምኩ።"
"ፈርተው ነበር?"
"ያንተን ያህል።"
በጨርቅ አሰሩልኝ። ማታ ለእናቴም ያምናውን ነገርኳት። አትሂድ አላለችም። "ከዞረብህ ቁጭ በል። ማን ይገርፍሃል?" አለች።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ
ጠዋት ከወልቂጤ ከሃምሳ አለቃ ጋር በአውቶቡስ መጣን። ያረፍነው አጎቴ ቤት ነው። ጃንሆይ ራሳቸው ውድድሩን ለማየት ሊመጡ ይችላሉ ይላል አጎቴ፤ ባይነግረኝ ይሻል ነበር። እብጠቱ ጎድሏል። ግቢው ውስጥ ዘልዬ ሞከርኩት፣ አያምም። ሃምሳ አለቃ "እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ደኅና ነው" አልኩ፤ እውነቴን ነው። ፍርሃቴ ግን ከትናንቱ ባሰ። ትናንት ቢያንስ የማመካኝበት እግር ነበረኝ።