በራችን ላይ የጠየቅኩት ጥያቄ

ይድረስ ለጥሩዬ፣ ለቤቴ እመቤት።

ከተለያየን አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጠይቅ፣ አንቺ ያለሽበት ብርድም ጉንፋንም የለም ይላሉ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ብቻም አይደለሁ፣ ዛሬስ ደስታው መቀመጫ ነስቶኛል። ይህችን ታህል እስክጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ግቢውን ዞርኩ። እህትሽ አበባ ሰውዬው ምን ነካው በሚል ዓይን በመስኮት ታየኛለች። ለእሷ ብነግራት ግማሹ አይገባትም። ነገሩን ከሥሩ የምታውቂው አንቺ ስለሆንሽ አንቺው ስሚኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ሰቆጣ ከገባሁ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ክረምት ጣሪያው በጓዳው በኩል ያፈስ ነበር፤ አበባ አፈሩን አስነሥታ እንደገና አስደልድላዋለች። ከንብ ቀፎዎችሽ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ማራቸው ግን እንደ ድሮው ነጭ ነው። ከኮረም የሚመጣው መንገድ አሁን በበጋ የጭነት መኪና ያስገባል፤ እኔና አንቺ በበቅሎ ስንት ቀን የተንገላታንበትን አገር አቧራ እየቃምኩ በአንድ ቀን ደረስኩ። መቃብርሽ ዘንድም ሄጃለሁ። ብዙ ነገር ልነግርሽ አስቤ ነበር፣ እዚያ ስቆም አፌ ተያያዘብኝና አልቅሼ ብቻ ተመለስኩ። ናፍቀሽኛል ጥሩዬ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ያን ቀን ያልወጣልኝ ቃል ስላለ ነው።

ከአውራጃው ፍርድ ቤት የጸሐፊነት ወንበሬ ተነሥቼ ሕግ ልማር አዲስ አበባ ስሄድ ምን ብለሽ እንደሸኘሽኝ አልረሳሁም። ጥያቄ ስለምታበዛ ጥያቄህን ይዘህ ወደሚፈለግበት ሂድ ነበር ያልሽኝ። ሄድኩ። አንቺ ካረፍሽ በኋላ እንደ ምንም ጨረስኩና ለተጨማሪ ትምህርት አውሮፓ ላኩኝ። ምን እንደተማርኩ ብትሰሚ ትስቂያለሽ፤ ሰው ከአገሩ ተነሥቶ የሌላውን በር ሲያንኳኳ ሕግ ምን ይላል የሚለውን ነው።

ሦስት ዓይነት ሕግ ጎን ለጎን አነበብኩ። አንዱ ዓለም አቀፉ ነው፤ ከትልቁ ጦርነት በኋላ መንግሥታት ተሰብስበው የተፈራረሙት፣ ነፍሱን ሊያድን የሸሸን ሰው ወደሚጠፋበት አትመልሱት የሚል ውል አለ። የእኛ አፍሪካውያንም በተራቸው አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን ጽፈዋል፤ እሱን ሳነብ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ምንም አልቀረው። የአውሮፓው ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። ገበያቸውን አንድ ያደረጉት አገሮች፣ ሠራተኞቻቸው እኛ አምደወርቅ ገበያ እንደምንወጣ ካንዱ አገር ወደ ሌላው ሄደው እንዲሠሩ ፈቅደዋል፤ ከውጭ የሚመጣውን ሰው ግን በሩን ገርበብ አድርገው ነው የሚያዩት። ከዚያ የየአገሩ ሕግ ይመጣል፤ ማን ዜጋ ነው፣ ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚለውን እያንዳንዱ መንግሥት እንደ ፈቀደ ይጽፋል። ይኼ ትምህርት እንዴት እንደሚጥም ልነግርሽ አልችልም። ንባብ ቤቱ ሲዘጋ ዘበኛው ሊጎትተኝ ምንም አይቀረውም ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፌን ስጽፍ አንዱን ምዕራፍ ለአገራችን ሰጠሁ። በዋግ፣ መሽቶበት ደጅ የቆመ ሰው እግሩ ታጥቦ፣ በልቶና ጠጥቶ እስኪያበቃ ድረስ ስሙንም አገሩንም አይጠየቅም ብዬ ጻፍኩ። የአንቺን ቤት ምሳሌ አደረግሁ። ይኼ ደግነት ብቻ ሳይሆን ሕግ ነው አልኩ።

መርማሪዎቼ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ወደዱት። ሦስተኛው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የት ገባ እያለ የሚፈልግ ቀጭን ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነው። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችሁ ልማዳችሁን ሽሮታል አለኝ። ሕጉ ስለ ማታ እንግዳ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ያልነካውንም አልሻረም ብዬ መለስኩ። ያን ጊዜ መነጽሩን አገኘውና ቀና ብሎ አየኝ። «ደግ ሴት ሕግ አይደለችም» አለኝ። «ይህን ተላልፎ የተከሰሰ፣ የተፈረደበትም አንድ ሰው አምጣልኝ። ካጣህ ምዕራፉን አውጣው።»

እስከ ትምህርቱ ዘመን መጨረሻ ጊዜ ሰጡኝ። ምዕራፉን አውጥቼ ብመልሰው አልፍ ነበር። ማስረጃ ሳላመጣ አላወጣም ብል ደግሞ እወድቃለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁበትም ውሃ ይበላዋል። የአንቺን ቤት ከሕግ ተራ በገዛ እጄ ፍቄ ማለፍ ግን አልሆነልኝም። እንዲህ ብሎ መመረቅ ምን ሊጠቅመኝ ነው?

አሁን የማፍርበትን ልናዘዝ። ፕሮፌሰሩ አንድ ሰው አምጣ ሲለኝ ሰውዬውን አውቀው ነበር። አንቺም ታውቂዋለሽ።

ከተጋባን በሁለተኛው ክረምት ነበር። ሰውዬው ከአበርገሌ በኩል ዝናብ ሲወርድበት መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመና የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ አለ። አንቺ ጓዳ ገብተሽ ለእግሩ ውሃ ታሞቂ ነበር። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የባለጉዳይ ቃል ስመዘግብ የዋልኩ ጸሐፊ፣ በሩን በእጄ ይዤ ጀመርኩት፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የመጣህበት ጉዳይ። ክፋት አልነበረብኝም፣ አመል ሆኖብኝ ነው። ስሙን ነገረኝ። የአባቱን ስም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። አያቱ ላይ ሲደርስ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ጋቢውን ተከናነበና ወደ ዝናቡ ተመለሰ። አንቺ ገበቴውን ይዘሽ ስትወጪ ደጁ ባዶ ነበር።

ስትናደጂ አማርኛው ይጠፋሽና በአገውኛ ትወርጂብኝ ነበር። ያን ዕለት በአገውኛም አልተናገርሽኝ። ገበቴውን መሬት ላይ አስቀምጠሽ ተከትለሽው ሮጥሽ፤ ወንዙ ሞልቶ ስላገኘሽው እስከ ጉልበትሽ ጭቃ ሆነሽ ተመለስሽ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ወይራው ሥር ሽማግሌ ሰብስበሽ ጠበቅሽኝ። ለምን እንደተጠራሁ እንኳ አላወቅሁም ነበር። የክስሽ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቤቴን ፍርድ ቤት አደረገብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ብዙም አልተማከሩ። ሰውዬውን ፈልጌ፣ እግሩ ላይ ወድቄ፣ በቤታችን እስካላበላሁት ድረስ ማንም ደጃችንን እንዳይረግጥ፣ እኔም የማንንም ደጅ እንዳልረግጥ ፈረዱብኝ። የሰው ፍርድ ሲጽፍ የሚውለው ጸሐፊ በወይራ ጥላ ሥር ተፈረደበት። ስድስት ቀን በአበርገሌ ቆላ ለቆላ ተንከራተትኩ። አንድ ማሳ ውስጥ ማሽላ ሲያርም ሳገኘው መጀመሪያ ዱላውን አነሣ፣ እግሩ ላይ ስወድቅ ግን ግራ ገብቶት አስቀመጠው። ይዤው መጣሁ። አንቺ እግሩን ስታጥቢ ውሃውን እኔ እንዳፈስ አደረግሽኝ፤ ቀና ብዬ ላይሽ አልደፈርኩም።

በልቶ ሲጠግብ ሳንጠይቀው ነገረን። የአጎቱ ልጅ ሰው ገድሎ ጠፍቷል፤ ደም ፈላጊዎቹ ደግሞ ከአያቱ ዘር ያገኙትን ሁሉ ሊገድሉ ያሳድዳሉ። የእኔ ሦስተኛ ጥያቄ የሚያስገድለው ጥያቄ ነበር። ለምን አስቀድሞ እንደማይጠየቅ የገባኝ ያን ቀን ነው። ነገሩን በዓለም አቀፉ ሕግ ውስጥ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ሳገኘው ደግሞ ከንባብ ቤቱ ወንበር ብድግ ብዬ ቆምኩ፣ ፈረንጆቹም ዞረው አዩኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ምሁራን ፊት ቆሜ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ሌላ ጥፋተኛ ፈልጌ ላምጣ ብዬ አገሬ ገባሁ። ጽጽቃ ሄድኩ፣ አምደወርቅ ወጣሁ፣ የደረስኩበት አገር ሽማግሌ ሁሉ ሕጉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። የጣሰ ሰው ታውቃላችሁ ወይ ስላቸው ግን ይተያያሉ። አንዱማ እንዲህ ያለውን ሰው የወለደችው ምን ዓይነት እናት ናት ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፍቼ ጠላዬን ጠጣሁ።

በመጨረሻ መሪጌታ ንጉሤ ዘንድ ሄድኩ፤ ያኔ ወይራው ሥር ዳኛ ሆነው ከተቀመጡት ዋናው እሳቸው እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። እንደማያውቅ ሰው ሆኜ፣ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጥፋት የተፈረደበት ሰው ኖሮ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጨርሼ እስክናገር ታገሡኝ። «ያውቃል፤ አሁን እዚህ ተቀምጧል» አሉኝ። «ሚስትህ ያን ቀን አሸንፋሃለች። ፍርዷን ከደበቅህባት ይኼ ሁለተኛ ጥፋት ነው።»

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እፍረቴን ስጠብቅ የአንቺን ፍርድ ቀብሬ ኖሬያለሁ። እዚያው ወረቀት አወጣሁ። ክስሽን፣ ፍርዱን፣ አፈጻጸሙን ሁሉ መሪጌታ እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ ስለ መከላከያዬ ግን የምጽፈው አልነበረኝም። እሳቸው በብዕራቸው ፈረሙ፣ በሕይወት ያሉት ሁለቱ ሽማግሌዎችም የጣት አሻራቸውን አኖሩ። ከሥሩ፣ ተከሳሹ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ተማሪ ነው ብዬ ጨመርኩ። ከጨመርኩት በኋላ ቀለለኝ። ለፕሮፌሰሩ በፖስታ እንዲደርስ ወደ ኮረም ለሚሄደው መኪና ነጂ ሰጥቼ ላክሁት።

ከሁለት ወር በላይ ጠበቅሁ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እወጣለሁ፣ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፣ አበባ ትስቅብኛለች። ዛሬ ረፋድ ላይ መልሱ ደረሰ። ፕሮፌሰሩ በገዛ እጁ ነው የጻፈው። አልፈሃል ይላል፣ ምዕራፉም ባለበት ይቆያል ይላል። በመስከረም አዲስ አበባ፣ ተሰደው የሚመጡትን ተቀብሎ ቃላቸውን የሚሰማ መሥሪያ ቤት እገባለሁ። ከጠረጴዛዬ ፊት የሚቆም ሰው ሳይቀመጥና እህል ውሃ ሳይቀምስ ብዕሬን እንደማላነሣ ቃል እገባልሻለሁ።

ከደብዳቤው መጨረሻ ግን አንድ እርማት አለ። በእኛ ሙያ ክስ የሚጠራው በተከራካሪዎቹ ስም ነው ይላል። አንተ «አንዲት ሚስት ባሏን ከሰሰች» ብለህ ጽፈሃል። ለመሆኑ የሴትዮዋ ስም ማነው?

አየሽ ጥሩዬ፣ ያን ማታ የእንግዳውን አያት ሳይቀር የጠየቅኩ ሰውዬ ያንቺን ስም ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። አሁን ጽፌዋለሁ። በዚያ አገር ንባብ ቤት፣ በመንግሥታቱ ውሎች አጠገብ ይቀመጣል። እኔም በሕይወት እስካለሁ፣ ይህን ሕግ ለማንም ሳስተምር ከአንቺ ክስ እጀምራለሁ፣ ስምሽንም ከሁሉ አስቀድሜ እጠራለሁ። ከምዕራፉ ራስ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦

ከሳሽ፦ ጥሩ ኃይሉ፣ የሰቆጣ ሰው።
ተከሳሽ፦ ባሏ ካሳ።
ፍርድ፦ ለከሳሽ ተፈርዷል።