የአሪየት የዱባ ሐረግ

ጋምቤላ፣ ሰኔ 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ዛሬ ዘነቡ ሳቀች። ለክሊኒኩ ሥራ ተዛውሬ ወደዚህ ከመጣን አራት ወራችን ነው፤ ባለቤቴ ስትስቅ ሳያት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሙቀቱ አልተስማማትም። መስከረም ሳይጠባ ጎሬ እናቷ ዘንድ እንደምትመለስ ቁርጡን ነግራኛለች።

ትናንት ጎረቤታችን አሪየት አንድ እቅፍ ለጋ የዱባ ሐረግ ሰጥታት ነበር። ዘነቡ ሆዬ እንደ ስኳር ድንች ሐረግ የሚተከል መስሏት ጓሮውን ቆፍራ፣ በመስመር ተክላ፣ ውሃ አጠጣችው። አሪየት ዛሬ ጠዋት ስታየው ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እህቴ፣ ይሄ ለድስት ነው እኮ!»

ያኔ ዘነቡም በሳቅ ፈነዳች። ሁለቱ ተጋግዘው ነቀሉት። አሪየት ከአገዳው ላይ ቃጫውን እንዴት እንደሚገፍፉ አሳየቻት፤ ከተወቀጠ ለውዝ ጋር ሠሩት። እኔማ ሁለቴ አስጨመርኩ።

አንዲቱን ሐረግ ግን ዘነቡ አላስነቅልም አለች። አሪየት፣ «ብትይዝም ዱባው የሚደርሰው ጥቅምት ነው» አለቻት። ጥቅምት ሲባል ጆሮዬ ቆመ።

አመሻሹ ላይ ዘነቡ ከጓሮ ገባች። የእጇን አፈር እያራገፈች፣ «ፍየል ሳይበላት ነገ አጥር ሥራልኝ» አለችኝ።