ከስልሳ እርምጃ ወዲህ

ጥቅምት 8 ቀን
ከጅጋ በላይ፣ ከድሮው ቀያችን

ለአበልጄ
ቡሬ

እንዴት ከርመሻል አበልጄ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ጎረቤቴ አልጣሽ ማዳበሪያ ፍለጋ ቡሬ ወርዳ አይታሽ፣ «ባጃጅ ላይ ስትወጣ ሰው ይደግፋታል» ብላ ነገረችኝ። ትንሿ ልጅሽ ያምሮት ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲባልም ሰምቻለሁ። እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ ማን ይሰማኝ ይሆን ብዬ መልሼ ገጠምሁት። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ዝናቡ ዘንድሮ አልከፋም፤ በቆሎው ከሰው ቁመት አልፏል፣ ዳጉሳውም አንገቱን ደፍቷል። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። አንቺ ታልቢያት የነበረችው አይደለችም፣ የልጅ ልጇ ናት።

ከአሥራ አራት ዓመት ዝምታ በኋላ ምን አስታወሳት ትዪ ይሆናል። ብትዪም እውነትሽን ነው። ያኔ እንስራሽን አዝለሽ፣ ያምሮትን በእጇ እየጎተትሽ ስትሄጂ ከጓሮ ቆሜ አይቼሻለሁ። አልጠራሁሽም። የባሌ መቃብር አፈሩ አልደረቀም ነበርና ስምሽ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ልደውልልሽም አስቤ ነበር። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፣ ሲመጣም ስልኩ ልጄ ናሁሰናይ ኪስ ውስጥ ነው። ይህን ነገር ደግሞ እሱ እንዲሰማው አልፈልግም። ስድስተኛ ክፍል ላይ በቀረ እጄ እየጻፍሁ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። እሱ በቆሎ ሊጠብቅ ማማው ላይ ወጥቷል። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ።

ነገሬ ስለ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃ ገዝተናል። ሰው ነግሮሽ ከምትደነግጪ እኔው ከነምክንያቱ ልንገርሽ ብዬ ነው። ልጄ ባልሽን እንዳይገድልብኝ ነው የምጽፍልሽ። ይኸው አልሁት።

አስቀድሜ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። ባልሽና ባሌ ወልደ ሥላሴ ለዚያች ለቦይ ውኃ ተጣልተው የኔው የወደቀ ጊዜ፣ ጠመንጃውን ሸጬ ተዝካሩን አወጣሁ። ይህን ታውቂያለሽ። የማታውቂው በተዝካሩ ቀን የሆነውን ነው። አስለቃሿ አላረካችኝም። ራሴ ተነሣሁና ልጁን ጠመንጃው ይሰቀልበት ከነበረው መስቀያ ሥር አቆምሁት። ስድስት ዓመቱ ነበር። የአባቱን ዝናር አንገቱ ላይ ባጠልቅለት እስከ ጉልበቱ ወረደ። ከዚያ እንዲህ ብዬ አለቀስሁ፦

ያባትህ መስቀያ ባዶውን አይቀር፣
አንተ እስክታድግልኝ እኔ ቀን ልቁጠር።

ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲያ ሲያለቅሱልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጁ ግን አላለቀሰም። ቀና ብሎ መስቀያውን አየው። ከዚያ ወዲህ እሱን እያየ አደገ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተቀብለን፣ መስቀል ስመን፣ እኔም ይቅር ብያለሁ ብዬ፣ መስቀያውን ግን ከግድግዳው አልነቀልሁትም። በሬ ለድለባ ባሰርሁ ቁጥር «እማየ፣ ለጠመንጃው የሚሸጠው ይሄ ነው?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። የዘንድሮውን በሬ ከአፌ ቀንሼ ያደለብሁት ለምን እንደነበር አሁን ገባሽ? እኔም አብሬው ስቆጥር ነው የኖርሁት አበልጄ። ባልሽ ሐምሌ ላይ ከእስር ተፈታ ሲባል ነው የደነገጥሁት። ልጄ ሃያ ዓመቱ ነው። ቆጠራው አለቀ ማለት ነው።

ዜናውን በሰማን በማግሥቱ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «መሣሪያ ያስፈልገናል» አለኝ። ከርከሮ በቆሎውን በአንድ ሌሊት እንደ ሰው እየረገጠ ያነጥፈዋል አለ። እውነት ነው። ጃርት ድንቹን ፈጀው፤ እውነት ነው። ዝንጀሮው ቀን በፀሐይ ይገባል፣ ጅቡ የአህያዋን ውርንጭላ በላ፣ ዘንድሮ ደግሞ ሌባውም በዝቷል። ሁሉም እውነት ነው። አንዱን ብቻ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በሬው ለእንቁጣጣሽ ጅጋ ገበያ ወጥቶ ተሸጠ።

ገንዘቡ ደግሞ ከአንድ መሣሪያ አያልፍም። አንድ ተገዝቶ ለሁሉም መሆን አለበት፤ ለከርከሮውም፣ ለጅቡም፣ ለሌባውም፣ ሰርግና ለቅሶ ለመውጫውም። የባሌ ወንድም አያ ክንፈሚካኤል ይህን ሲሰማ ገስግሶ መጣ። ክላሽ ነው እንጂ ሌላ ምን መሣሪያ አለ አለኝ። የበሬው ዋጋ የክላሹን ሲሶ አይሞላም ስለው፣ «የቀረውን እኔ እሞላዋለሁ» አለ። አያ ክንፈሚካኤልን ታውቂው የለ? ለወንድሙ ተዝካር አንዲት በግ ለማምጣት ስንት ቀን እንዳማከረ? ያ ሰው ዛሬ እጁ እንዲህ ሲፈታ ለከርከሮ እንዳልሆነ ልቤ አወቀው። «ዕዳ አልገባም» ብዬ መለስሁት።

«እንግዲያው ምንሽር» አለ ናሁሰናይ። አንድ አሮጌ ምንሽር በበሬው ዋጋ እንደሚገኝ አጠያይቆ ጨርሷል። ሰውዬው ይዞልን መጣ። ልጄ ሰደፉን ትከሻው ላይ ደግፎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ልንገርሽ? ወደ ወንዙ ማዶ፣ ወደ ድሮ ቤትሽ። «ይደርሳል?» ሲል ጠየቀ። «ከዚህ ተራራ እዚያ ተራራ ይደርሳል» አለ ባለጠመንጃው። ሻጭ ነውና በኩራት ነው የሚናገር። እኔ ዋጋው ላይ ሰበብ ፈልጌ ሸኘሁት።

ከዚያ ነው ጋሽ ዘሩን ያገኘሁት። ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የትልቅ እርሻ ዘበኛ ሆነው ከርከሮ ሲመልሱ ኖረዋል። ዓይናቸው ስለደከመ ባለሁለት አፍ የአደን ጠመንጃቸውን ሊሸጡ ይፈልጋሉ አሉኝ። ልጄን ይዤ ሄድሁ። ከከተማው ወጣ ብላ ካለች ማሳቸው ወስደው አሮጌ ቆርቆሮ አቆሙልን። ይህ እንደ ምንሽር አንድ እርሳስ አይደለም የሚተፋ፣ ብዙ ፍሬ ነው የሚበትን። ደቃቁ ፍሬ ለቆቅና ለጅግራ፣ ወፍራሙ ለከርከሮና ለጅብ፣ ጥይቱን መለወጥ ብቻ። በሠላሳ እርምጃ ቆርቆሮው ወንፊት ሆነ። በስልሳ እርምጃ ወፍራሙ ፍሬ እዚህም እዚያም በሳው። በመቶ እርምጃ ሲተኩሱ ቆርቆሮው ላይ እህል የበተኑ ይመስል ኳ ኳ ብሎ ቀረ።

«ከስልሳ ወዲያ ጩኸት ነው እመቤቴ፣ አልዋሽሽም» አሉኝ።

ናሁሰናይ የተኮሱበትን ቆርቆሮ ሊያነሣ ራቅ ሲል ጠጋ ብዬ፣ በመቶው እርምጃ ላይ ሰው ቢሆን ኖሮስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ልጁን አዩት። «ጋቢውን ያራግፍለታል» አሉኝ፤ ዋጋውንም ሳልከራከር ራሳቸው ቀነሱልኝ። ወረቀቱ በኔ ስም ዞረ። ደቃቁን ጥይት ለልጁ ሰጡት። ወፍራሙን፣ አምስት ነው፣ በመሐረብ ቋጥረው «ይህ የእናት ነው» ብለው ለኔ ሰጡኝ።

ስላቁንማ አትጠይቂኝ። አያ ክንፈሚካኤል ሲያየው «በሬ የሚያህል ነገር ሸጣ የቆቅ ማባረሪያ ገዛች» ብሎ ቀዬውን አዳረሰው። «ከርከሮው ሲሞት በምን እንደተመታ አይጠይቅም አያ» አልሁት። ልጄ ለሳምንት አኮረፈኝ። ይህን ይዤ ሰርግ ልሂድ አለ፣ ሚዜዎቹ ጫጩት አምጣ ይሉኛል አለ። ከርከሮ የጣለ ለታ ግን ኩርፊያው ለቀቀው። ሁለት ጣለ። ወፍራሟን ጥይት ከኔ እየተቀበለ፣ የተተኮሰውን ቀፎ መልሶ እያስረከበ። የቀሩትን ሦስቱን ጎታው ውስጥ፣ ከዳጉሳው ሥር ቀበርኋቸው። እኔም ተገላገልሁ አልሁ። በቆሎው ተረፈ፣ መስቀያውም ባዶ አይደለም፣ ጠመንጃው ደግሞ ወንዝ አይሻገርም።

ማክሰኞ ዕለት ባልሽ መጥቶ ነበር። ነግሮሽ ይሁን ሳይነግርሽ አላውቅም። መሬታችሁን እኩል የሚያርሰውን ሰው አስከትሎ ከማዶ ድንበሩን ሲዞር ነበር አሉ። እኔ አላየሁትም፣ ሽሮ እያማሰልሁ ነበር። ናሁሰናይ ከማማው ወርዶ መጣ፣ ታጠበ፣ ተቀመጠ። ሁለት ጉርሻ ከዋጠ በኋላ፣

«ዛሬ ሰውየውን አየሁት» አለኝ።

የትኛውን ሰውዬ አላልሁም። ማማሰያው እጄ ላይ ቆመ።

«ሸምግሏል። በዘንግ ነው የሚሄድ። ቦዩን ሊሻገር ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተመለሰ» አለ። ጉርሻ እየጠቀለለ፣ «ምንሽሩ ቢሆን ይደርስ ነበር፣ እማየ። ለካ አውቀሽ ነው» አለኝ። እንደ ቁጣም አይደለም፣ እንደ ሳቅም አይደለም። ከዚያ ሽሮ ጨምሪልኝ ብሎ መብላቱን ቀጠለ።

ረቡዕ ጠዋት ከማማው እስከ ቦዩ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ሲራመድ አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረ ነው። እሱ ሲሄድ እኔም ቅርጫት ይዤ ኩበት የምለቅም መስዬ ቆጠርሁት። በኔ እርምጃ መቶ አርባ ሁለት ነው። ግን ቦዩ እኮ አይታጠርም አበልጄ። ያንን ያህል የቆጠረ ሰው ከስልሳው የተረፈውን ሰማንያ በእግሩ ሊጨርሰው ይችላል። እኔ ጠመንጃው አጭር ከሆነ ነገሩም የሚያጥር መስሎኝ ነበር።

ትናንት ለእህል ጎታው ውስጥ እጄን ስሰድ ሁለት ጥይት ብቻ ዳሰስሁ። ሦስተኛዋ አልመጣልኝም። ደጋግሜ ፈለግሁ። ዳጉሳ ደቃቅ ነው፣ ያሰጥማል፣ እዚያው ጥግ ገብታ ይሆናል። ጎታውን ዘርግፌ ላይ እችል ነበር። አልዘረገፍሁትም። ልጄንም አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው አልወሰድሁም ቢለኝና ባላምነው፣ ከዚያ በኋላ እኔ ምን እናት ነኝ?

ይህን ሁሉ ሳስብ አድሬ አንድ ነገር ታየኝ። ባልሽ የናሁሰናይ የክርስትና አባት ነው። በአርባ ቀኑ ከካህኑ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። ልጁ ግን ፊቱን አያውቀውም። የሚያውቀው እኔ በሙሾ የነገርሁትን ሰው ነው፤ ከማዶ ሆኖ በዘንግ የሚሄደውን። ምንሽር ቢሆን ኖሮ ፊቱን ሳያየው ይጨርሰው ነበር። ይህኛው ግን ቅረብ ይለዋል። ቀርቦ ሲያየው ክንዱ የሚዝል ይሆን ወይስ የሚጠነክር፣ ያንን እኔ አላውቅም። ጥይት ይዞ እንዲሞክረውም አልፈልግም።

እና ይህን አድርጊልኝ። እስከ ጥቅምት ማርያም ድረስ ባልሽን ወደዚህ እንዳታሳልፊው። መሬቱ የትም አይሄድም፤ ቦዩንም እኔ አስጠርጌ እጠብቀዋለሁ። የማርያም ዕለት ግን ይምጣ፣ አንቺም ጉልበትሽ ከቻለ አብረሽው ነይ። መሣሪያ ያለው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ለዘበኛ ሰጥቶ ነው የሚገባው፣ ደንባችንን አልረሳሽውም። ለንስሐ አባታችን ነግሬያቸዋለሁ፤ ቅዳሴ ሲወጣ መስቀላቸውን ይዘው ከዋርካው ሥር ይቆማሉ። እኔ ልጄን በእጁ ይዤው እቆማለሁ። ባልሽ እየፈራም ቢሆን እጁ እስኪደርስ ድረስ ይቅረበው። ወይ ከስልሳ እርምጃ ወዲያ ይሁን፣ ወይ እጅ ለእጅ። መካከሉ ላይ ብቻ አይቁምብኝ። ልጁን በስሙ ሳይሆን በክርስትና ስሙ ይጥራው፤ ያንን ስም ከልጁ፣ ከኔና ከካህኑ ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ የሚለውን ይበል። እኔም ሰው ፊት ቆሜ ያንን ሙሾ መልሼ እውጠዋለሁ፣ እንዴት እንደሚዋጥ ባላውቅም።

ጎታውን ከዚያ በኋላ እዘረግፈዋለሁ። አንቺ ሰፌዱን ትይዢልኛለሽ። ያቺ ጥይት ከዳጉሳው ሥር ከተገኘች አብረን እንለቅማታለን።

ማርያም ጉልበትሽን ትዳብስልሽ። የያምሮትን ደብተር ትባርክልሽ። ቤትሽን ከሰው ክፉም ከኔም ክፉ ትጠብቅልሽ። አበልጄንም፣ ባልሽን ማለቴ ነው፣ ሰላም በይልኝ። እንዲህ ብዬ ከጠራሁት ዓመታት አለፉ፤ ዛሬ ግን እጄ ጻፈው።

አበልጅሽ